ሦስተኛው ዝላይ

ነሐሴ 18 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ፓሪስ። በስታድ ደ ፍራንስ የርዝመት ዝላይ መንደርደሪያ ጫፍ ላይ የስዊድንን ማልያ የለበሰች የሃያ ዓመት ወጣት ቆማለች። ሁለት ጊዜ ተንደርድራ ዘላለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ዳኛው ቀይ ባንዲራ አንሥቶባታል። ሰባት የውድድር ዓይነቶችን በሁለት ቀን በሚያጠቃልለው ሄፕታትሎን ለአንዲት አትሌት የሚፈቀድላት የርዝመት ዝላይ ሙከራ ሦስት ነው። አንድ ቀርቷታል።

ይህችን አንድ ከሳተች የምታገኘው ነጥብ ዜሮ ነው። ትናንት መቶ ሜትር መሰናክሉን በ13.18 ሰከንድ የጨረሰችው፣ 1.94 ሜትር ከፍታ የዘለለችው፣ አሎሎውን 14.19 ሜትር የወረወረችው፣ ሁለት መቶ ሜትሩን በ22.98 ሰከንድ የሮጠችው ሁሉ ውሃ ይበላዋል። በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ ደግሞ ልቡ ያለው ከአገሩ ልጅ፣ ከአራት ዓመት በፊት ሴቪያ ላይ በዚሁ ውድድር የዓለም ሻምፒዮን ከሆነችው ከዩኒስ ባርበር ጋር ነው።

ወጣቷ ተንደረደረች። ጣውላውን ረገጠች፣ ተነሣች፣ አሸዋው ላይ አረፈች። ነጭ ባንዲራ። 6.68 ሜትር።

ያች ዝላይ ብቻዋን ከ1,000 በላይ ነጥብ አስገኘችላት። ከዚያ ጦሯን 49.90 ሜትር ወረወረች፤ ስምንት መቶ ሜትሩንም ሮጣ ስትጨርስ ድምሯ 7,001 ሆነ። ከጃኪ ጆይነር ከርሲና ከላሪሳ ኒኪቲና ቀጥሎ በሄፕታትሎን ታሪክ 7,000 ነጥብን የተሻገረች ሦስተኛዋ ሴት ሆነች። ስሟ ካሮሊና ክሉፍት ነው። ስዊድናውያን «ካሮ» ይሏታል።

ያን ቀን እኛ ኢትዮጵያውያን አንረሳውም፤ የማንረሳው ግን በሌላ ምክንያት ነው። በዚያው ዕለት፣ በዚያው መም ላይ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ስለሺ ስህን የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ጠራርገው ወሰዱ። የታላላቅ የአትሌቲክስ ውድድሮች መርሐ ግብር አንድ ልማድ አለው፤ የ10 ሺህ ሜትር ሩጫና ሄፕታትሎን ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይገጣጠማሉ። በ2004 (ከዚህ ጀምሮ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አቴንስ ላይ ቀነኒሳ የኦሊምፒክ ወርቁን ሲያጠልቅ ካሮሊና የመጀመሪያ ቀን ውድድሯ ላይ ነበረች። በ2005 ሄልሲንኪ ላይ ጥሩነሽ ዲባባ ስታሸንፍም እንዲሁ። በ2007 ኦሳካ ላይ ጥሩነሽ ወድቃ ተነሥታ፣ ሆዷን እያመማት ባሸነፈችበት ቀንም እንዲሁ። የእኛን ልጆች እየጠበቅን ቴሌቪዥን ላይ ዐይናችንን የተከልን ሁሉ ያችን አጭር ቢጫ ፀጉር ያላት፣ ከዝላዩ ጉድጓድ እየሣቀች የምትወጣ ልጅ አይተናታል። ስሟን ባንይዘውም ፊቷን እናውቀዋለን።

ዓለም ካሮሊናን የሚያስታውሳት በሄፕታትሎን ነው። የሕይወቷን ታሪክ ጠጋ ብሎ ላየው ግን ከአሸዋው ጉድጓድ የሚጀምርና ወደዚያው የሚመለስ ነው። ለዓመታት ማንም ባላሸነፋት ውድድር ገና በ25 ዓመቷ «በቃኝ» ብላ፣ ወርቅ የመውሰድ ተስፋዋ እጅግ ወደ ጠበበበት ወደ ርዝመት ዝላይ ሄደች። ከዚያ በኋላ የኦሊምፒክም ሆነ የዓለም ሻምፒዮና ሜዳሊያ አላገኘችም። የሕዝቧ ፍቅር ግን አልተለያትም። ይህ ጽሑፍ ያ ፍቅር ከምን እንደተሠራ ለማሳየት ይሞክራል።

ከእናት የወረደ አሸዋ

ካሮሊና የተወለደችው በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1983፣ በምዕራብ ስዊድን ቡሮስ ከተማ አቅራቢያ በምትገኝ ሳንድሁልት በምትባል ትንሽ ሰፈር ነው። አባቷ ጆኒ እግር ኳስ ተጫዋች ነበሩ። እናቷ ኢንጋሊል ደግሞ ርዝመት ዘላይ። ቤተሰቡ ወደ ደቡብ፣ በደንና በሐይቅ ወደተከበበችው ቬክሾ ከተማ ተዛወረ፤ ካሮሊናም ለኢፍኮ ቬክሾ ክለብ መወዳደር ጀመረች። በታላላቅ ድሎቿ ዘመን ሁሉ ያሠለጠኗት አግኔ ቤርግቫልም የዚያው የቬክሾ ሰው ናቸው።

የስዊድን ስፖርት የቆመው በሰፈር ክለብ ላይ ነው። ወላጅ ከሥራ ሲወጣ ሜዳ ሄዶ ልጆች ያሠለጥናል፣ ሜትር ይዞ ይለካል፣ በውድድር ቀን ቡናና ዳቦ ሸጦ ለክለቡ ገንዘብ ያሰባስባል። ክረምቱ ረጅምና ጨለማ ስለሆነ የዓመቱ እኩሌታ የሚያልፈው በአዳራሽ ውስጥ ነው፤ በአዳራሽ ደግሞ ረጅም ርቀት ከመሮጥ ይልቅ መዝለል፣ መወርወርና አጭር ርቀት መሮጥ ይቀናል። ትንሽ ልጅ ገና በአንድ ነገር ሳትታጠር ሁሉንም ትሞክራለች። ስዊድን በሕዝብ ብዛቷ አነስተኛ ሆና ሳለ በአንድ ዘመን የከፍታ ዘላዮቹን ስቴፋን ሆልምንና ካይሳ ቤሪክቪስትን፣ የሱሉስ ዘላዩን ክርስቲያን ኦልሶንንና ካሮሊናን ማፍራቷን የሚያስገርመው ሰው እነዚህን አዳራሾች ቢያይ ነገሩ ይገባዋል።

ልጅነቷ ግን ሣቅ ብቻ አልነበረም። በትምህርት ቤት ሌሎች ልጆች ያስቸግሯትና ያገልሏት እንደነበር ካሮሊና ካደገች በኋላ በግልጽ ተናግራለች። ስፖርት ሜዳው ግን ራሷን የሆነችበት ቦታ ነበር። በኋላ በትልልቅ ስታዲየሞች ያየነው ጩኸት፣ ጭብጨባና ሣቅ የዚያ ትርፍ ይመስለኛል፤ በአንድ ቦታ ታፍኖ የኖረ ነገር ነጻ በሆነበት ቦታ እጥፍ ሆኖ ይወጣል።

በ2002 ጁላይ ኪንግስተን ጃማይካ ላይ በተካሄደው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ሄፕታትሎኑን በወጣቶች የዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈች። እዚያው ሌላም ወርቅ ወሰደች፦ በርዝመት ዝላይ። የእናቷ ውድድር ገና ከጅምሩ አብሯት ነበር ማለት ነው። በሚቀጥለው ወር ሙኒክ ላይ፣ ገና በ19 ዓመቷ፣ ከትልልቆቹ ጋር ተሰልፋ በ6,542 ነጥብ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነች፤ የራሷንም የወጣቶች ክብረ ወሰን አሻሻለች።

ሃያ ሴንቲ ሜትር ጣውላ

ርዝመት ዝላይ ከሩቅ ሲያዩት ከስፖርቶች ሁሉ ቀላሉ ይመስላል። ሮጠህ ትዘላለህ፤ የሩቁ ያሸንፋል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን እንደ ሰዓት ማሽን የረቀቀ ነው።

መንደርደሪያው ቢያንስ 40 ሜትር ይረዝማል። በጫፉ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ነጭ ጣውላ ተቀብራለች። ከጣውላዋ ቀጥሎ በካሮሊና ዘመን እንደ ሊጥ የለሰለሰ ነገር የተቀባበት ቀጭን ሰሌዳ ይደረግ ነበር፤ የጫማ ጫፍ እዚያ ላይ ምልክት ከተወ ዝላዩ ተሠረዘ። ዛሬ ይህን የሚጠብቀው ካሜራ ነው። ዘላይዋ በሙሉ ፍጥነት እየመጣች፣ ጣውላዋን ቁልቁል ሳታይ፣ እግሯን በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ማሳረፍ አለባት። ለዚህ ነው ከመነሻዋ እስከ ጣውላው ያለውን ርቀት አስቀድማ በእግሯ ለክታ፣ ምልክት አድርጋ የምትጀምረው። ነፋስ ከኋላ ሲገፋ እርምጃ ይረዝማል፤ ፊት ለፊት ሲመጣ ያጥራል። በጉጉት የተሞላ ሰውነትም እንደ ነፋስ ነው፤ እርምጃን ያስረዝማል። በታላላቅ ውድድሮች ቀይ ባንዲራ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመነሣቷ በፊት ያሉት ሁለት እርምጃዎች የሙያው ምሥጢር ናቸው። ከመጨረሻው በፊት ያለውን እርምጃ ትንሽ ታስረዝመዋለች፤ ወገቧ ዝቅ ይላል። የመጨረሻውን ታሳጥረዋለች፤ ወገቧ ከፍ ማለት ሲጀምር እግሯ ጣውላውን ይመታል። እግሯ ጣውላው ላይ የሚቆየው ከሰከንድ ዐሥረኛ ትንሽ ለሚበልጥ ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት ወደፊት የሚሄደው ፍጥነት ከፊሉ ወደ ላይ መዞር አለበት። በአየር ላይ እጅና እግር ማወራጨቱ ርቀት አይጨምርም፤ ሰውነት ወደፊት እንዳይደፋና እግሮች ቀድመው አሸዋውን እንዲነኩ ሚዛን ይጠብቃል። ሥራው ያለቀው መሬት ላይ ነው።

ልኬቱ ደግሞ ርኅራኄ የለውም። ሜትሩ የሚዘረጋው በአሸዋው ላይ ለጣውላው ከቀረበው ምልክት ነው፤ እግሯ ሩቅ አርፎ እጇ ወደ ኋላ መሬት ከነካ የሚቆጠረው እጇ ነው። የልኬቱ መነሻም የጣውላው የፊት ጠርዝ እንጂ እሷ የተነሣችበት ነጥብ አይደለም። ጠርዙን ለመድረስ 15 ሴንቲ ሜትር ሲቀራት ከተነሣች ያ 15 ሴንቲ ሜትር ከስሟ ላይ የለም። በእርግጥ በርራዋለች፤ መዝገቡ ግን አያውቀውም። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ካሮሊና በዚህ ሥራ የተዋጣላት ነበረች። በ2004 ማርች ቡዳፔስት ላይ በተካሄደው የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና በርዝመት ዝላይ ብቻ ተወዳድራ 6.92 ሜትር ዘልላ ነሐስ ወሰደች፤ የቀደሟት ሁለቱ ሩሲያውያን፣ ታትያና ሌቤዴቫና ታትያና ኮቶቫ፣ ሙያቸው ዝላይ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ከቤት ውጪ 6.97 ሜትር ደረሰች። ኤሪካ ዮሃንሶን በ2000 ያስመዘገበችው የስዊድን ክብረ ወሰን 6.99 ሜትር ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ጎደላት፤ የአንድ ጣት ስፋት። ያችን ሁለት ሴንቲ ሜትር ከዚያ በኋላ አላገኘቻትም።

ሃያ ሁለት ጊዜ

ከ2002 እስከ 2007 ካሮሊና በገባችበት ሄፕታትሎንና በአዳራሽ በሚካሄደው አምስት ዓይነት ውድድር፣ ፔንታትሎን፣ በተከታታይ ሃያ ሁለት ጊዜ አሸንፋለች። አቴንስ ኦሊምፒክ ላይ 6,952 ነጥብ ስታስመዘግብ ሁለተኛ የወጣችው የሊቱዌኒያዋ አውስትራ ስኩይቴ 6,435 ነበራት። የ517 ነጥብ ልዩነት ነው። ይህን ያህል ርቀት ማለት የመጨረሻውን ስምንት መቶ ሜትር ዘና ብላ በዝግታ ሮጣ ብትጨርሰው እንኳ ወርቁ ላይጎድልባት ይችል ነበር ማለት ነው። እሷ ግን እንደ ሌላ ጊዜዋ ሮጠች። በማግሥቱ ክርስቲያን ኦልሶን በሱሉስ ዝላይ፣ ስቴፋን ሆልም በከፍታ ዝላይ ወርቅ ጨመሩ፤ ስዊድን በሁለት ቀን ሦስት የአትሌቲክስ ወርቅ አገኘች።

ሄልሲንኪ ላይ ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ዩኒስ ባርበር እስከ መጨረሻው ታግላ 6,824 ነጥብ ላይ ደረሰች፤ ካሮሊና በ6,887 አመለጠቻት። በ2006 የአውሮፓ ሻምፒዮና ወደ አገሯ መጣ፤ ጎተንበርግ፣ ኡሌቪ ስታዲየም። ይህ ስታዲየም ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ኃይሌ በ1995 የዓለም ሻምፒዮናውን የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ የወሰደው እዚያ ነው። ካሮሊና በወገኖቿ ፊት በ6,740 አሸነፈች፤ በዓመቱ መጨረሻም የአውሮፓ ምርጥ ሴት አትሌት ተባለች። በ2007 ኦሳካ ላይ ደግሞ የሁሉ ቁንጮ መጣ። 6.85 ሜትር ዘለለች፣ 1.95 ከፍታ ተሻገረች፣ ድምሯ 7,032 ሆነ። ከ1989 ጀምሮ የኒኪቲና የነበረው 7,007 የአውሮፓ ክብረ ወሰን ተሰበረ። በሄፕታትሎን ሦስት ተከታታይ የዓለም ሻምፒዮናዎችን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት።

አህያዋና ሣቁ

ያሸነፈ ሁሉ አይወደድም። ሳይሸነፉ የኖሩ አትሌቶች ብዙ ጊዜ ይከበራሉ፣ ይፈራሉ፤ ሲበዛም ይሰለቻሉ። ካሮሊና ግን ተወደደች።

ውድድር ላይ ስትሆን ከቦርሳዋ አንዲት የጨርቅ አህያ ትወጣለች። ከእንግሊዛውያን የልጆች ተረት የተወሰደች፣ ኢዮር የምትባል፣ ጆሮዋ የተንጠለጠለ፣ ሁልጊዜ የተከዘች አህያ ናት። ጦሩና አሎሎው በተደረደረበት፣ ሁሉም ፊቱን አጨፍግጎ በሚያሟሙቅበት ሜዳ ያች ያዘነች አህያ ከእመቤቷ ጎን ትቀመጣለች። እመቤቷ ደግሞ የአህያዋ ተቃራኒ ናት። ከመንደርደሯ በፊት ጭኗን በመዳፏ ትመታለች፣ ትጮኻለች፣ ሕዝቡን አጨብጭቡልኝ ትላለች። ከአሸዋው ስትነሣ ውጤቱን ሳታይ ትሥቃለች። የተፎካካሪዋ ዝላይ ሲያምር ታጨበጭባለች፤ ሌላዋ ስትወድቅ ሄዳ ታቅፋለች።

ይህ በስዊድን ምን ያህል አዲስ ነገር እንደነበር ለመረዳት የአገሩን ጠባይ ማወቅ ይጠይቃል። በስካንዲኔቪያ «የያንቴ ሕግ» የሚሉት ነገር አለ። አክሰል ሳንደሙሴ የተባለ ደራሲ በ1933 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ የአንዲት ትንሽ ከተማን ያልተጻፈ ሕግ ሲዘረዝር ያወጣለት ስም ነው፤ መልእክቱም «ከሌላው እበልጣለሁ ብለህ አታስብ» የሚል ነው። ስዊድናዊ ያሸነፈ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዕድል ረዳኝ ብሎ እንዲያልፍ ይጠበቃል። የእኛም አስተዳደግ ከዚህ እምብዛም አይርቅም፤ ራሱን የሚያሞካሽ ሰው እኛም ዘንድ አይወደድም። ካሮሊና ግን ደስታዋን አላፈነችም። የሰው ዐይን ያልከበዳት ጩኸቷ «እኔ እበልጣለሁ» የሚል ስላልነበረ ነው። «ይህ እንዴት ደስ ይላል» የሚል ነበር። ሁለቱን ሕዝብ ይለያቸዋል።

የሄፕታትሎን ሴቶች አንድ የቆየ ወግ አላቸው። ስምንት መቶ ሜትሩ ካለቀ በኋላ ሁሉም፣ አንደኛዋም ሃያኛዋም፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ይዞራሉ፣ ለሕዝቡም እጅ ይነሣሉ። ሁለት ቀን አብረው ደክመዋል፣ አብረው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፣ አብረው ምሳ በልተዋል። የካሮሊናን ሰልፎች ያየ ሰው ይህን ወግ እንደ ግዴታ ሳይሆን እንደ ሽልማቷ እንደምትቆጥረው ያስተውላል። ባንዲራ ለብሳ ብቻዋን ከምትሮጠው ይልቅ ከእነሱ ጋር ስትዞር ሣቋ ይሰፋ ነበር።

ወርቁን ትቶ መሄድ

በ2008 ማርች፣ ቤጂንግ ኦሊምፒክ አምስት ወር ሲቀረው፣ ካሮሊና ሄፕታትሎን ማቆሟን አስታወቀች። ቤጂንግ የምትሄደው ለርዝመት ዝላይና ለሱሉስ ዝላይ እንደሆነ ተናገረች። ምክንያቷ ጉዳት አልነበረም፤ ገንዘብም አልነበረም። ለሰባቱ ውድድር የነበራት ፍላጎት እንደቀነሰ፣ አዲስ ፈተና እንደምትሻ ገለጸች።

ዜናው ስዊድንን አስደነገጠ። በእጅ የገባ የሚመስል ወርቅ እንዴት ይተዋል? በቤጂንግ ሄፕታትሎኑን ያሸነፈችው የዩክሬኗ ናታሊያ ዶብሪንስካ ያስመዘገበችው 6,733 ነጥብ ነው። ካሮሊና ከአንድ ዓመት በፊት ኦሳካ ላይ ያመጣችው ከዚህ በ299 ይበልጣል። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ካሮሊናም ሒሳብ አይጠፋትም። ነገር ግን ያለ ደስታ የሚለቀም ወርቅ ለእሷ ምን እንደሆነ ራሷ ብቻ ናት የምታውቀው። ሄፕታትሎን የሰባት ሙያ ልምምድ ነው፤ ጠዋት መሰናክል፣ ከሰዓት አሎሎ፣ በማግሥቱ ጦርና ዝላይ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ የሚጠላው የስምንት መቶ ሜትር ድካም። ይህን ለዓመታት የሚያሸክም ፍቅር ብቻ ነው። ፍቅሩ ሲያልቅ የቀረው ሸክም ነው።

እኔ ይህን ውሳኔ ከሜዳሊያዎቿ ሁሉ በላይ አከብረዋለሁ። እኛ ጀግና እንወዳለን፤ ጀግናችን ደግሞ እስከ መጨረሻው፣ እግሩ እስኪከዳው፣ እንዲያሸንፍልን እንፈልጋለን። ሯጮቻችን ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሲደክማቸው ስንት ጊዜ «ምን ነካው?» ብለናል? ስፖርተኛ የአገር ንብረት ሲመስለን የራሱ ሰው መሆኑን እንረሳለን። ካሮሊና በዚያ ማርች ያደረገችው የራሷ ሰው መሆኗን ማስታወስ ነበር። ሕዝቧም፣ ድንጋጤው ካለፈ በኋላ፣ ተቀበላት።

የአሸዋው ዓመታት

ቤጂንግ ላይ በሱሉስ ዝላይ ማጣሪያውን አላለፈችም። በርዝመት ዝላይ ግን ለፍጻሜ ደረሰች። በዚያን ጊዜ በፍጻሜ ዐሥራ ሁለት ሴቶች ሦስት ሦስት ጊዜ ይዘሉ ነበር፤ ከዚያ ስምንቱ ብቻ ተመርጠው ሌላ ሦስት ሙከራ ያገኙ ነበር። ካሮሊና 6.49 ሜትር ዘልላ በዚያ ምሽት ዘጠነኛ ሆነች። የስምንቱ በር አንድ ሰው ሲቀራት ተዘጋ። በሄፕታትሎን ለስድስት ዓመት ሽንፈት ያልቀመሰች ሴት ጫማዋን ፈትታ የሌሎችን ዝላይ ለማየት ተቀመጠች።

ከዚያ ሰውነቷ ይከዳት ጀመር። የርዝመት ዘላይ ሰውነት በሙሉ ፍጥነት የሚመጣ ክብደትን በአንድ እግር የሚያስቆም ነው፤ ይህን ጫና ከሚሸከሙት አንዱ ከጭን ኋላ ያለው ጡንቻ ነው። በ2009 በዝላይ ላይ እያለች ያ ጡንቻዋ ተበጠሰ፤ የበርሊኑን የዓለም ሻምፒዮና አጣች። ብዙዎች በዚህ ያበቃል ብለው ነበር። እሷ ግን ተመለሰች። በ2010 ባርሴሎና ላይ በአውሮፓ ሻምፒዮና ለፍጻሜ ቀረበች። በ2011 ዴጉ፣ ደቡብ ኮሪያ፣ በዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ 6.56 ሜትር ዘልላ በዕለቱ አምስተኛ ሆነች። ያን ቀን ያሸነፈችው አሜሪካዊቷ ብሪትኒ ሪስ የዘለለችው 6.82 ሜትር ነው። ካሮሊና በኦሳካ ሄፕታትሎን፣ መሰናክል ሮጣ፣ አሎሎ ወርውራ፣ ሁለት መቶ ሜትር ሮጣ፣ በማግሥቱ የዘለለችው ከዚህ በሦስት ሴንቲ ሜትር ይበልጥ ነበር። ስፖርት እንዲህ ዓይነት ቁጥሮችን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጣል፤ ልብ ላይ ግን ይከብዳሉ።

ለንደን ኦሊምፒክ የመጨረሻ ግቧ ነበር። ጉዳቱ ተመልሶ መጣ፤ ሳትሄድ ቀረች። በ2012፣ በ29 ዓመቷ፣ ውድድር አቆመች።

በእነዚህ አራት ዓመታት ስዊድን ከሁለት የዓለም ሻምፒዮናዎች፣ ከበርሊንና ከዴጉ፣ ያለ ሜዳሊያ ተመለሰች። ካሮሊና ኦሳካ ላይ ያመጣችው ወርቅ ለብቻው ቀረ። ቀጣዩን ወርቅ ለስዊድን ያመጣችው በ2013 ሞስኮ ላይ በ1,500 ሜትር ያሸነፈችው አበባ አረጋዊ ናት፤ ከአንድ ዓመት በፊት ለንደን ላይ የኢትዮጵያን ማልያ ለብሳ የሮጠችው የአዲግራት ልጅ። የካሮሊናና የአበባ መንገድ አንድም የሚገጥም ነገር የለውም፤ አንዷ ከቬክሾ አዳራሽ፣ ሌላዋ ከትግራይ ከፍታ የመጡ ናቸው። በስዊድን የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ዝርዝር ላይ ግን ስማቸው ተከታትሎ ተጽፏል።

ከጉድጓዱ ማዶ

ካሮሊና ጫማዋን ከሰቀለች በኋላ የመረጠችው ሥራ ባሕርይዋን ይመስላል። «ጄኔሬሽን ፔፕ» የተባለውን፣ አልጋ ወራሽ ልዕልት ቪክቶሪያና ባለቤታቸው ልዑል ዳንኤል ያቋቋሙትን ድርጅት በኃላፊነት መርታለች። የድርጅቱ ዓላማ በስዊድን ያሉ ልጆችና ወጣቶች ሁሉ በእንቅስቃሴ የተሞላ፣ ጤናማ ሕይወት እንዲኖራቸው ማድረግ ነው። ሻምፒዮን መፈለግ የድርጅቱ ሥራ አይደለም። ሥራው ስክሪን ላይ የተተከለ ልጅ ከቤት ወጥቶ እንዲሮጥ፣ ከድንጋይ ላይ እንዲዘልል፣ ላብ እንዲያልበው ማድረግ ነው።

ነገሩ በእርግጥ ከዚህ የጀመረ ነው። መዝለል ማንም የማያስተምረው ጨዋታ ነው። ዝናብ ያቆረውን ኩሬ ያየ ልጅ ሁሉ ይዘላል፤ ማዶው ደርሶ ዘወር ብሎ ያየዋል፤ ከዚያ ትንሽ ሰፋ ያለውን ይፈልጋል። የካሮሊና ሥራ ሁሉ፣ ወርቁም፣ ወርቁን መተዉም፣ ያችን ልጅ ውስጧ ሳትሞት ለማቆየት የተደረገ ትግል ሆኖ ይታየኛል። በሄፕታትሎን ዓመታት ያች ልጅ በቁጥር ተከበበች፤ ስንት ነጥብ፣ ስንት ድል፣ ክብረ ወሰኑ መቼ ይሰበራል። ሲጨንቃት ወደ እናቷ አሸዋ ተመለሰች።

አሁን ወደ ጣውላው ልመለስ። ሜትሩ የሚለካው ከጠርዙ ነው ብለናል፤ ከጠርዙ በፊት የተበረረው አይቆጠርም። ከ2008 እስከ 2012 ያሉት የካሮሊና ዓመታት በወቅቱ መዝገብ ላይ ዘጠነኛ፣ አምስተኛ፣ «በጉዳት አልተወዳደረችም» ተብለው የተጻፉ ናቸው። ከጠርዙ ወደ ኋላ የተነሣ ዝላይ ናቸው። ስታዲየም የነበረው ሕዝብ ግን የሚያየው ሜትሩን ብቻ አይደለም፤ ከእግሯ መነሣት እስከ ማረፏ ያለውን ሁሉ ያያል። ስዊድናውያን «ካሮ» ብለው የጠሯት በዚያ ሙሉ በረራ ነው።

ፓሪስ ላይም ሦስተኛውን ዝላይ ስትዘል ወርቅ እንደሚገኝበት አላወቀችም ነበር። ያወቀችው አንድ ሙከራ እንደቀራት ብቻ ነው። ተንደረደረች።